መስመሩ ስንት ይችላል? የኢዲት ክላርክ ሕይወት

መብራት በሄደ ቁጥር ሰፈራችን ውስጥ አንድ ክርክር ይነሳል። ግድቡ ውሃ ከያዘ፣ ተርባይኑም ከዞረ መብራቱ የት ገባ የሚል። እኔም ስልኬ 9 ፐርሰንት ላይ ሆኖ ስከራከር ከርሜያለሁ፤ ያውም ኢኮኖሚክስ ተምሬ። ለእኔ ነገሩ አቅርቦትና ፍላጎት ብቻ ነበር። ከተመረተ ይደርሳል፣ ካልተመረተ አይደርስም። በመሃል መንገድ እንዳለ ማን አስቦ!

መንገዱ ያ ከከተማ ስንወጣ በየሜዳውና በየተራራው የምናየው የብረት ምሰሶና ሽቦ ነው፤ የከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ መስመር። መንገድ ደግሞ ልክ አለው። የዚህኛው ልክ የሚገርመው ሽቦው ሳይግል፣ ሳይቀልጥ፣ በዓይን ምንም ሳይታይበት ሊሞላ መቻሉ ነው። ከተማ አድጎ፣ ፋብሪካ በዝቶ አሮጌው መስመር አልበቃ ሲል ጥያቄ ይመጣል። አፍርሰን እንደ አዲስ እንሥራው? ጎኑ ላይ ሌላ እንትከል? ወይስ ያለውን እናሻሽለው? የሦስቱ ዋጋ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። ለመምረጥ ግን መጀመሪያ ያለው መስመር ስንት እንደሚችል በቁጥር ማወቅ የግድ ነው።

ይህን ቁጥር በወረቀትና በእርሳስ ፈልፍለው ካወጡት ሰዎች አንዷ ኢዲት ክላርክ ናት። ዛሬ የእሷን ታሪክ ላውጋችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኢዲት በፌብሩዋሪ 1883 አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሃዋርድ ካውንቲ በሚባል ገጠር ተወለደች። ቤተሰቡ ዘጠኝ ልጆች ነበሩት። 12 ዓመቷ ላይ እናትም አባትም አልነበሯትም፤ ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ናት። ከፍ ስትል ከወላጆቿ የተረፈላት ውርስ እጇ ገባ። እሷም ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ ትምህርት ላይ ላውለው አለች። ዘመድ ወዳጅ አልደገፋትም። የእኛ አገር ዘመድ ቢሆን ደግሞ ቢያንስ ቦታ ግዢበት ይላት ነበር።

ቫሳር ኮሌጅ ገባች። ሒሳብና ሥነ ፈለክ ተምራ በ1908 ተመረቀች። ከዚያ ያው ለተማረች ሴት ክፍት ወደነበረው በር ሄደች፤ አስተማሪነት። ሳን ፍራንሲስኮ አስተማረች፣ ዌስት ቨርጂኒያም አስተማረች። ልቧ ግን እዚያ አልነበረም። በ1911 አስተማሪነቱን ትታ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሲቪል ምሕንድስና ልትማር ገባች። የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ ለክረምት ብላ ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የስልክ ኩባንያ ውስጥ ሥራ ያዘች። የሥራ መደቡ ስም ኮምፒውተር ነበር።

ኮምፒውተር ስላችሁ ላፕቶፕ እንዳይመጣባችሁ። ያኔ ኮምፒውተር ማለት ሰው ነው፤ ብዙውን ጊዜም ሴት። ኢንጂነሩ ቀመሩን ይሰጣል፣ ኮምፒውተሯ ቀኑን ሙሉ ታሰላለች፣ ውጤቱ ወደ ኢንጂነሩ ይመለሳል፣ ወረቀቱ ላይ የሚወጣው የእሱ ስም ነው። ኢዲት ትሠራ የነበረው ጆርጅ ካምቤል ለሚባል ትልቅ የስልክ ሊቅ ነበር። የእሱ ራስ ምታት ድምፅ በረጅም ሽቦ ሲሄድ ለምን ይደክማል፣ ለምንስ ይበላሻል የሚል ነው። ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዝም ብሎ የተዘረጋ ቧንቧ አይደለም። በእያንዳንዷ ሜትር ላይ ትንሽ ያግዳል፣ ትንሽ ያጠራቅማል፣ ትንሽ ያፈስሳል። እነዚህ ትንንሾች ለመቶ ኪሎ ሜትሮች ሲደማመሩ ሃይፐርቦሊክ ፈንክሽን የሚባል ሒሳብ ውስጥ ያስገባሉ። ሒሳቡ ስልክ ይሁን መብራት አይለይም። ኢዲት ገና ስለ ኃይል መስመር ሳታስብ መሣሪያውን እጇ ላይ ያገኘችው እዚህ ነው።

ለአንድ ክረምት የገባችበት ሥራ ስድስት ዓመት ገደማ አቆያት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሴት ኮምፒውተሮች ቡድን መሪ ሆነች። ማታ ማታ ደግሞ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪክ ትማራለች። በ1918 ኤምአይቲ ገባች፤ በ1919 በኤሌክትሪካል ምሕንድስና ማስተርስ ይዛ ወጣች። በዚያ ትምህርት ቤት በዚህ ሙያ ማስተርስ የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት።

ከዚያስ? ከዚያማ ሥራ የለም። ኤምአይቲ ሰጥቷታል፣ ገበያው ግን ሴት ኢንጂነር አልፈልግም አለ። ዲግሪውን ፍሬም አስደርጎ ሌላ ሥራ የሚሠራ ሁሉ ይህችን ቦታ በደንብ ያውቃታል። ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኒው ዮርክ ግዛት፣ ስኬኔክታዲ ከተማ ውስጥ ቀጠራት፤ ግን እንደገና በኮምፒውተርነት መንደር። ተርባይን ክፍል ውስጥ የሚያሰሉ ሴቶችን እንድታሠለጥንና እንድትመራ። ተርባይኑ ሲሽከረከር ብረቱ ላይ የሚያርፈውን ጫና ያሰላሉ። የተማረችው ኤሌክትሪክ፣ የምትሠራው የብረት ጫና።

የሚገርመው በዚሁ ወቅት መሆኑ ነው በራሷ ጊዜ ያንን የድሮ የሽቦ ሒሳብ መልሳ ያነሳችው። ለኃይል መስመር አንዱን ስሌት ለመሥራት ኢንጂነሮች በሃይፐርቦሊክ ሰንጠረዦች ላይ አጎንብሰው ረጅም ሰዓት ያጠፉ ነበር። ጭነቱ ትንሽ ሲቀየር እንደገና ከዜሮ። እሷ ይህን ሁሉ ወደ አንድ የግራፍ መሣሪያ አመጣችው። መስመሩ የሚታወቅበትን መረጃ ይዘህ በተሰመሩት መስመሮች ላይ ታነባለህ፤ በዚህኛው ጫፍ ይህን ያህል ቮልቴጅና ኃይል ካለ በዚያኛው ጫፍ ስንት እንደሚገኝ ይነግርሃል። ከቀድሞው ዘዴ አሥር እጥፍ ያህል ይፈጥናል ተብሎለታል። በዛሬ ቋንቋ አፕ ሠራች በሉት፤ ባትሪ የማይፈልግ አፕ። የፓተንት ማመልከቻውን በ1921 አስገባች፣ በ1925 ቁጥር 1,552,113 ሆኖ ተፈቀደላት።

መሣሪያውን ሠርታም የኢንጂነር ወንበር አልሰጧትም። በዚያው በ1921 ሥራዋን ለቀቀችና ወደ ኢስታንቡል ሄደች። ከተማዋ ያኔ በጦርነቱ አሸናፊዎች ወታደሮች እጅ ነበረች። እዚያ የሴቶች ኮሌጅ ውስጥ ፊዚክስ አስተማረች። ለአንድ ዓመት። በ1922 ስትመለስ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ራሱ ደሞዝተኛ ኤሌክትሪካል ኢንጂነር አድርጎ ቀጠራት። ምን ተለወጠ? እኔ እንደሚመስለኝ ከሄደች በኋላ ነው ዋጋዋን ያወቁት። ሰው ወንበሩ ላይ እያለ ርካሽ ይመስላል። ዕድሜዋ 39 ሆኖ ነበር።

አሁን ከእሷ ትንሽ ልራቅና ወደ ሌላኛው የአሜሪካ ጫፍ ልውሰዳችሁ፤ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ቢግ ክሪክ የሚባል የውሃ ኃይል ማመንጫ አለ። ከሴራ ኔቫዳ ተራሮች እስከ ሎስ አንጀለስ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው መስመር ተዘርግቶለት በ1913 ሥራ ጀመረ፤ በ150 ኪሎ ቮልት። ያኔ ይህ ትልቅ ጉድ ነበር። ግን ሎስ አንጀለስ እንደ ጎርፍ አደገች። አሥር ዓመት ሳይሞላ መስመሩ ጠበበ። በ1923 ባለቤቶቹ ያደረጉት ነገር ሁሉን ትቶ እንደ አዲስ መሥራት አልነበረም፤ በነበረው መስመር ላይ ቮልቴጁን ወደ 220 ኪሎ ቮልት ከፍ አደረጉት።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ስልካችሁ ላይ ባለው ካልኩሌተር ሥሩት። አንድ መስመር ሊያሳልፍ የሚችለው ኃይል ከፍተኛ ጣሪያ ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ይሄዳል። 220ን በ220 አባዙ፣ 150ን በ150 አባዙ፣ አካፍሉ። 2.15 ገደማ ይመጣል። ሌላው ሁሉ ባለበት ከቆየ፣ ቮልቴጁ በግማሽ እንኳ ሳይጨምር ጣሪያው ከእጥፍ በላይ ወጣ ማለት ነው። ይህን መጀመሪያ ሳሰላ ሁለት ጊዜ ደገምኩት፤ ኢኮኖሚክስ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ትርፍ አልተለመደም።

ነጻ ምሳ ግን የለም። ቮልቴጅ ሲጨምር ኤሌክትሪኩ ከሽቦው ወደ ምሰሶው ልዝለል ይላል። ስለዚህ ሠራተኞቹ ስኒ የሚሉት የሸክላ ማገጃ ሰንሰለት መርዘም አለበት። ሽቦው ከመሬት ያለው ከፍታ በቂ መሆን አለበት። በሁለቱም ጫፍ ያሉት ትራንስፎርመሮች ለአዲሱ ቮልቴጅ የሚሆኑ መሆን አለባቸው። ይህ ሁሉ ወጪ ተደምሮም አዲስ መስመር ከመዘርጋት ይረክሳል ወይ? እዚህ ላይ ነው በየአገሩ የኃይል ኩባንያ ውስጥ ኢንጂነሩና የሒሳብ ሰው የሚፋጠጡት፤ ኢንጂነሩ ደግሞ የሚያቀርበው ቁጥር ይፈልጋል።

ወደ ኢዲት ልመለስ። በፌብሩዋሪ 1926 በአሜሪካ የኤሌክትሪካል ኢንጂነሮች ኢንስቲትዩት ጉባኤ ላይ ቆማ የጥናት ጽሑፍ አቀረበች። በዚያ ማኅበር መድረክ ላይ ጽሑፍ ያቀረበች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ርዕሷ የማስተላለፊያ መስመሮች መረጋጋት ነበር። በቀላሉ፣ መስመሩ ሳይናወጥ እስከ ስንት ድረስ ሊጫን ይችላል?

መረጋጋት ምን መሰላችሁ? በአንድ መረብ ላይ ያሉ ጄኔሬተሮች ሁሉ እኩል ይዞራሉ። አንዱን ከሌላው ጋር ያሰረው መስመሩ ነው። ሁለት ጎማዎች ጎን ለጎን አስቡ፤ የአንዱ ጠርዝ ከሌላው ጠርዝ ጋር በላስቲክ ተያይዟል። የፊተኛው ትንሽ ቀደም ሲል ላስቲኩ ይወጠርና የኋለኛውን ይጎትታል። ያ ጉተታ ነው የሚተላለፈው ኃይል። ብዙ ኃይል ስትፈልጉ የፊተኛው ይበልጥ ይቀድማል፣ ላስቲኩም ይበልጥ ይወጠራል። እስከ ሩብ ዙር ድረስ ደህና ነው። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የፊተኛው በቀደመ ቁጥር የሚያዞረው ጉልበት እየቀነሰ ይሄዳል። ያኔ የሚይዘው የለም፤ ይፈተለካል። ሁለቱ ይለያያሉ፣ መከላከያው መስመሩን ይቆርጣል፣ ከተማው ይጨልማል። ሽቦው ቀዝቃዛ ነው፣ ምሰሶው ቆሟል፣ ውሃው ሞልቷል።

መስመር በረዘመ ቁጥር ላስቲኩ የላላ ይሆናል፣ ጣሪያውም ይወርዳል። ለዚህ ነው አጭር መስመር ሙቀት፣ ረጅም መስመር ደግሞ መረጋጋት የሚገድበው። እሷ ያደረገችው ይህን ጣሪያ ከእነ ጄኔሬተሩና ከእነ ጭነቱ አንድ ላይ አድርጋ ማስላት የሚቻልበትን መንገድ ማሳየት ነው። ከዚያ በፊት ጣሪያውን ለማወቅ ርካሹ መንገድ ቀስ እያሉ ጠጋ ማለት፣ ውዱ መንገድ ደግሞ መብራት ማጥፋት ነበር ብል ትንሽ ማጋነን ይሆናል፤ ግን ትንሽ ብቻ።

ጣሪያው ከታወቀ በኋላ ቀጣዩ ጥያቄ እንዴት ከፍ እናድርገው ነው። አንዱ መንገድ ቢግ ክሪክ የሄደበት ነው፣ ቮልቴጅ መጨመር። ሌላው ላስቲኩን ማጥበቅ ነው፤ ማለትም መስመሩ ለፍሰቱ የሚያሳየውን እምቢታ መቀነስ። ኢዲት በ1932 ያሳተመችው ጽሑፍ እዚህ ላይ ያተኮረ ነው። በአንድ ወፍራም ሽቦ ፋንታ ሁለትና ከዚያ በላይ ሽቦዎችን አንድ ክንድ በማትሞላ ርቀት አጎዳኝቶ መዘርጋት። በመካከላቸው አየር ብቻ ነው ያለው፤ ለኤሌክትሪኩ ግን እንደ አንድ በጣም ወፍራም ሽቦ ይሆኑለታል። እምቢታው ይቀንሳል፣ ጣሪያው ይጨምራል፣ በከፍተኛ ቮልቴጅ ላይ የሚሰማው እሽታ የሚመስል ድምፅና ከእሱ ጋር የሚባክነው ኃይልም ይቀንሳል። ጽሑፉ ከዚያው የኢንጂነሮች ማኅበር ሽልማት አገኘ።

አሠራሩ በሰፊው ሲለመድ ዓመታት ፈጅቷል። ስዊድን በ1952 በዓለም የመጀመሪያውን የ380 ኪሎ ቮልት መስመር ከሰሜን ወደ ደቡብ ስትዘረጋ በጥንድ ሽቦ ነበር። ዛሬ ለትልልቅ መስመሮች ያለ እሱ አይታሰብም። ከህዳሴ ግድብ ተነስቶ በዴዴሳ በኩል ሆለታ የሚገባውን የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ቀና ብሎ ያየ ሰው ሽቦዎቹ በቡድን በቡድን መሆናቸውን፣ በየቦታውም የሚያራርቃቸው ነገር መግባቱን ያስተውላል። ጌጥ አይደለም።

በ1941 ደግሞ ክሬሪ ከሚባል ባልደረባዋ ጋር በጣም ረጃጅም መስመሮች የት ላይ እንደሚገደቡ የሚያሳይ ሌላ ጽሑፍ አወጣች፤ እሱም ተሸለመ። ይህኛው ጥያቄ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ፣ ሱስዋ የሚደርሰው መስመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት እንዲሸከም ነው የተሠራው። እንዲህ ባለ ርቀት ላይ ያ የላስቲክ ነገር ክፉ ፈተና ነው። ስለዚህ መስመሩ በዲሲ ተሠራ። በዲሲ የሁለቱ አገር ጄኔሬተሮች እኩል መዞር አይጠበቅባቸውም፤ ላስቲኩ ራሱ የለም። በኢዲት ዘመን ይህ ቴክኖሎጂ ገና ዳዴ እያለ ስለነበር እሷ የሠራችው በኤሲ ዓለም ውስጥ፣ ከላስቲኩ ጋር እየታገለች ነው።

በ1943 የዓመታት ማስታወሻዋን ወደ መጽሐፍ ቀየረችው፤ የኤሲ ኃይል መረቦች ትንተና ላይ። መጀመሪያ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ውስጥ ለወጣት ኢንጂነሮች ታስተምርበት የነበረ ነው። ሁለተኛው ቅጽ በ1950 ወጣ። መጽሐፉ ውስጥ ካሉት ነገሮች አንዱ ዛሬም በስሟ ይጠራል። የኤሲ ኃይል በሦስት ሽቦ ነው የሚሄደው፤ ሦስቱ እርስ በርሳቸው ስለሚነካኩ ሒሳቡ ይጠላለፋል። እሷ ሦስቱን ወደ ሌላ ዓይነት ሦስት ክፍሎች ቀይራ እያንዳንዱን ለብቻው መፍታት የሚቻልበትን መንገድ አበጀች። የክላርክ ትራንስፎርሜሽን ይሉታል። ያኔ የታሰበው መስመር ላይ አደጋ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ለማስላት ነበር። አሁን ግን የኤሌክትሪክ መኪና ሞተር የሚቆጣጠረው ቺፕ በሰከንድ ውስጥ በሺዎች ጊዜ የሚሠራው ስሌት ሆኗል። አዲስ አበባ ውስጥ ድምፅ ሳያሰሙ በአጠገባችሁ ሽው ከሚሉት መኪናዎች ብዙዎቹ ውስጥ አለች ማለት ነው።

በ1945 ጡረታ ወጣች። ሜሪላንድ እርሻ ነበራት፤ ወደ ተወለደችበት ምድር ተመልሳ ላርፍ አለች። አላረፈችም። በ1947 ኦስቲን የሚገኘው ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ጠራትና የኤሌክትሪካል ምሕንድስና መምህር ሆነች፤ በአሜሪካ በዚህ ሙያ ፕሮፌሰር የሆነች የመጀመሪያዋ ሴት። ዕድሜዋ 64 ነበር። በ1948 ያ በ1926 መድረኩ ላይ የቆመችበት ማኅበር ፌሎው የሚለውን ከፍተኛ የአባልነት ማዕረግ ሰጣት፤ እሱም ለሴት የመጀመሪያው ነው። መጀመሪያ የሚለውን ቃል እየደጋገምኩ እንዳሰለቸኋችሁ አውቃለሁ፤ ግን ጥፋቱ የእኔ አይደለም።

ኦስቲን ውስጥ አሥር ዓመት አስተማረች። በ1957 ለሁለተኛ ጊዜ ጡረታ ወጥታ ወደ ሜሪላንድ ተመለሰች። ኦክቶበር 29 ቀን 1959 በ76 ዓመቷ አረፈች። ያ ተርባይን ክፍል ውስጥ ሆና የሠራችው መሣሪያ በ2015 በአሜሪካ ብሔራዊ የፈጠራ ሰዎች የክብር መዝገብ ውስጥ ስሟን አስገባላት። የፓተንት ማመልከቻውን ካስገባች 94 ዓመት ሆኖ ነበር።